ሳይጠይቅ የሚያጠራው

«የፊት ለፊቷን ክፍል ለዘይነዲን እንለቅለታለን። እሱ እንደሆነ ዝም ይላል» አለ ሻፊ።

የሱብሂ ሶላት ተሰግዶ ገና ወገግ ሲል ነበር። ሻፊ የሚያወራው ለሚስቱ ለዙሀይራ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ዘይነዲን ደግሞ በአንድ ስስ ችፑድ ተለይቶ፣ ከግድግዳው ወዲህ አልጋው ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ተጋድሟል። በዚያ ችፑድ በኩል ያልሰማው ጉድ የለም። የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የስንዴ ሂሳብ፣ የልጅ ለቅሶ ሁሉ አልፎ ይመጣል። የራሱን ስም ግን እንደዛሬው ሰምቶ አያውቅም። ያንገበገበው ነገሩ ብቻ ሳይሆን አነጋገሩም ነው። ሰው የእህቱን ቤት ሊወስድ ሲያስብ ቢያንስ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ሻፊ ግን ስለ ማዳበሪያ ዋጋ እንደሚያወራ ሁሉ በሙሉ ድምፁ ነው የተናገረው። «ጁሀራስ?» አለች ዙሀይራ። «ጁሀራ ድርሻዋን በገንዘብ ታገኛለች። ሽማግሌዎቹ ከዐስር ሶላት በኋላ ይመጣሉ፤ ዛሬ ያልቃል።» ዙሀይራ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ ወደ ግቢ ወጣች።

ቤቱ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። አራት ክፍል የብሎኬት ቤት፣ ፊቱና ውስጡ ሎሚ አረንጓዴ የተቀባ፣ ጣሪያው ባለ ቀለም ቆርቆሮ፤ በሰፈሩ የመጀመሪያው ባለ ቀለም ቆርቆሮ እሱ ነበር። መንገድ ዳር ያለችው የፊት ለፊቷ ክፍል የዘይነዲን መሥሪያ ናት፤ ኮምፒውተርና ስልክ ይጠግንባታል። የቦታው ካርታ ላይ የተጻፈው የአባታቸው የሐጂ ቱፋ ስም ነው። ብሎኬቱን፣ ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን፣ በሩን የገዛው ግን ጅዳ ከተማ የሰው ቤት ወለል ስትወለውል የኖረችው ጁሀራ የላከችው ገንዘብ ነው። ያኔ በየወሩ እየደወለች «ምን ላይ ደረሰ?» ትላለች፤ ሐጂ ቱፋም «መስኮት ላይ ደርሰናል፣ ልጄ» ይሏታል። ገንዘቡ የሚመጣው ለዑምራ ሄዶ በሚመለስ ሰው እጅ ስለነበር ደረሰኝ የሚባል ነገር የለውም። ከዚያ ሳዑዲ ሐበሻውን ሁሉ በአውሮፕላን እየጫነች የመለሰች ጊዜ ጁሀራም በአንድ ሻንጣና በአንድ ብርድ ልብስ ተመለሰች። በገንዘቧ በተሠራው ቤት ውስጥ፣ ከኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል ደረሰቻት። ማንም ለምን አላለም፤ እሷም አላለችም።

ሐጂ ቱፋ ያረፉት ከሁለት ወር በፊት ነው። ከማረፋቸው በፊት ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰብስበው ጁሀራን ስልክሽን አምጪ አሏት። ስልኩን ይዞ ድምፃቸውን የቀዳው ራሱ ዘይነዲን ነው። ሻፊ እግራቸው ስር ተቀምጦ ቁርጭምጭሚታቸውን ያሻል። ሐጂ ቱፋ በሳል መካከል፣ ግን ጥርት ባለ ቃል እንዲህ አሉ፦ «ይህ ቤት የጁሀራ ነው። እኔ ስሜን አዋስኳት እንጂ አንድ ብሎኬት አልገዛሁም። ከውርስ እንዳትቆጥሩት።» ሻፊ ያኔ «እሺ አባ» አለ። ዘይነዲን እሺ ሲል በጆሮው ሰምቷል። ቃሉ ስልኩ ውስጥ ባለች የጥፍር ታህል ሚሞሪ ካርድ ላይ ተቀመጠ። ከቀብሩ ወር ሳይሞላ ካርዷ ታመመች፤ ስልኩ «ካርዱ ተበላሽቷል» ይል ጀመር። ጁሀራም ስልኩን ይዛ መጣች።

«ይነበባል፣ አይዞሽ፤ ብቻ እስከዚያው ማንም እንዳይነካው» አላት ዘይነዲን። ይነበባልም ነበር። ነገ ሠራዋለሁ አለ፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገ አገኘ። እውነቱን ለመናገር ካርዷ ስትነበብ የሚመጣውን ፈርቶ ነው። የአባቱ ድምፅ ግድግዳው ላይ ሲያስተጋባ፣ የሻፊ ፊት ሲለወጥ፣ በመካከል እሱ ተቀምጦ ሲታይ ታየው። ሻፊ ጎባ ኮሌጅ ያስተማረው፣ የመጀመሪያዋን አሮጌ ኮምፒውተር የገዛለት ወንድሙ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ማለዳ እየተነሳ ሌላ ሥራ ላይ ይደፋ ነበር።

ያ ሌላ ሥራ «ቁልቁሉ» የሚባለው ነው። በኦሮምኛ ንጹሕ ማለት ነው። የተበላሸ ሚሞሪና ፍላሽ የሚያጠራ፣ ራሱ ዘይነዲን የጻፈው ፕሮግራም ነው። መስኮትና ሥዕል የለውም፤ ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ በፊደል ተጽፎለት የሚሠራ ነው፣ ምክንያቱም የሮቤ ኮምፒውተሮች ያረጁ ናቸው፤ ሥዕል ያለው ነገር ሲከፈትባቸው እንደ ዳገት የጋሪ ፈረስ ያለከልካሉ። ትእዛዞቹንም በኦሮምኛ አደረጋቸው። «ኢላሊ» ሲሉት ካርዷን አይቶ የታመመው ቦታ የት እንደሆነ ይናገራል። «ቁልቁሌሲ» ሲሉት ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዱን ቦታ ባዶ እየጻፈበት ያልፋል፣ የሞተውን ቦታ ለይቶ ይዘጋል፣ ካርዷን እንደ አዲስ አዘጋጅቶ «ጠርቷል፣ አልሃምዱሊላህ» ይላል። ያለፈበት ቦታ ላይ የነበረ ነገር አይመለስም። ይህን ማንም ሮቤ ውስጥ እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ሚሞሪ ለሮቤ ሰው ጆንያ ነው፤ ያራግፈዋል፣ መልሶ ይሞላዋል። ካርዱ ሲበላሽ በአሥራ አምስት ብር ያስጠራዋል፣ በአሥር ብር ደግሞ ዘፈን፣ መንዙማ፣ የኳስ ጎል እስኪጠግብ ያስጭንበታል። የጠፋውን የሚጠይቅ የለም።

ዘይነዲን ግን ጠንቃቃ ስለነበር፣ ቁልቁሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ አድርጎት ነበር፦ «ያለው ሁሉ ይጠፋል። ልቀጥል?» ይህን ጥያቄ የጠላው ወንድዬ ነው። ወንድዬ ከሆሳዕና መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት የከፈተ፣ ሳቂታ፣ ሰው አክባሪ ነጋዴ ነው፤ ቁልቁሉን ዘይነዲን በነፃ ሰጥቶት ቀን ሙሉ ይሠራበታል። «ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገበያ እያባረረብኝ ነው» አለው አንድ ቀን። «ሰውዬው ስክሪኑን ያይና ምንድን ነው የሚጠፋው ብሎ ያፈጥብኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ካርዱ እንደሆነ ሞቶ ነው የመጣው። ሬሳ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል?» ዘይነዲን ሳቀ። ባለፈው ሳምንት ጥያቄውን አወጣው። የጥያቄው ቦታ ባዶ ሲቀርበት ቅር አለውና፣ ለአባቱ መታሰቢያ እንዲሆን ሌላ ነገር ጨመረ፤ ቁልቁሉ ያጠራው ካርድ ሁሉ ስም ሲሰጠው «ቱፋ» ተብሎ እንዲጠራ አደረገ። አዲሱንም ለወንድዬ ወስዶ ሰጠው። በዚህ ሁለት ወር ውስጥ ደስ ብሎት የሠራው ሥራ ያ ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት ማለዳ ግን «ዝም ይላል» የምትለዋን ቃል ይዞ ከአልጋው ወረደ። እንግዲህ ነገ የሚባል ነገር አልቋል። ፊቱን ታጥቦ ጫማውን ሲያስር አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ሐሳቡም ቀለል አደረገው። ለምን እኔ እናገራለሁ? ካርዷ ትናገራለች። ሽማግሌዎቹ ፊት ስልኩን ያስቀምጣል፣ ሐጂ ቱፋ በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ፣ ሻፊም ከአባቱ ጋር እንጂ ከታናሹ ጋር አይጣላም። ወደ ጁሀራ ክፍል ሄዶ በሩን ሲያይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ዙሀይራ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበች ነው። ዓይኑን ሳታየው «በጠዋት ወጣች። ገበያ መሰለኝ» አለችው። ችፑዱ ከሁለቱም ወገን ስስ እንደሆነ ዙሀይራም ታውቃለች። መልሳ ወደ ሳፋው አጎነበሰች። ስልክ ሲደውል ደግሞ የጁሀራ ስልክ ዝግ ነው።

እስክትመጣ ካርዷን የሚያስነብብ ነገር ላዘጋጅ ብሎ ቁጭ አለ። ቁልቁሉ እስከዛሬ ማየትና ማጥራት እንጂ ማንበብ አልተማረም። ዘይነዲን «ዱቢሲ» የሚል ሦስተኛ ትእዛዝ ይጽፍ ጀመር፤ ካርዷ ላይ ምንም ሳይጽፍ፣ የተበላሸውን ማውጫ ዘሎ፣ ያለውን ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ የሚቀዳ። ድንገት ጣቱ ፈታ አለ። ከውጭ ባጃጅ ይንጫጫል፣ ከሲናና በኩል የመጣ የስንዴ ጭነት አስፋልቱን ያናውጣል፣ መብራቱም ያለወትሮው ሳይጠፋ ቆየ። ረፋዱ ላይ አንድ ገበሬ ካርድ ይዞ ገባ። ወፍራም ጋቢውን እንደተከናነበ ቆሞ፣ ስልኩ «እንቢ አለ» ብሎ አስረከበው። ዘይነዲን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛን «አባ፣ ውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ሳቀበት። «ማል ቀባ ሬ! ምን ይኖረዋል? መንዙማ ነው። አጥራውና ሌላ ጫንበት።» ዘይነዲን ግን መጀመሪያ ዱቢሲን ሞከረባት። የሰውዬው መንዙማዎች አንድ በአንድ፣ ሙሉ ሆነው፣ ከሞተ ካርድ ውስጥ ወጡ። ዘይነዲን ብቻውን ፈገግ አለ። ይሠራል። ሐጂ ቱፋ ዛሬ ይናገራሉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ውሻው ግን በዚያ ሰዓት ጅቡ መሄዱን አያውቅም፤ ለዚህ ነው በሙሉ ልቡ የሚጮኸው።

ጁሀራ የዙህር አዛን ካለቀ በኋላ ጎመንና ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥላ ገባች። ፊቷ በርቷል። ከአባቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ሆና አላያትም። ደጃፉ ላይ ፌስታሉን አስቀምጣ ስልኩን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ሠራ!» አለች። «አንተ ሥራ በዝቶብሃል፣ ደግሜ አልነዘንዝህም ብዬ ጠዋት ወንድዬ ጋ ወሰድኩት። ወላሂ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ጨርሶ ጠበቀኝ። ብር አልቀበልም አለኝ። ሐዘንተኛ ናችሁ አለ፣ የወንድምሽ ሥራ ነው አለ፣ ምን አለፋህ፣ ሲያመሰግንህ ሌላ ነው። አሁን ስልኩ ካርዱን ያነባል።»

ዘይነዲን እጁ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። «ድምፁን ሰማሽው?»

«አልሰማሁም። ብቻዬን የአባዬን ድምፅ መስማት ፈራሁ። አብረን እንስማው ብዬ ነው።»

ካርዷን ከስልኩ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት። ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለው ስም «ቱፋ» የሚል ነው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል አባቱ የመጣ መሰለው። ከዚያ ስሙን ማን እንደጻፈው አስታወሰ። ከፈታት። ወንድዬ እጁ አይሰስትም፤ ለሐዘንተኛ ብሎ ካርዷን እስከ አፍ ገደፏ በመንዙማ ሞልቷታል። ክርስቲያኑ ሰውዬ ለእስላም ጎረቤቱ ሲል መርጦ፣ በደግነት፣ በነፃ የጫነው ነው። ዘይነዲን ዱቢሲን ጻፈ። ከመንዙማው ስር፣ ከመንዙማው ጎን፣ በየቀዳዳው ፈለገ። ጠዋት የሠራው ትእዛዝ ጎበዝ ነበር፤ ያለውን ሁሉ አነበበ። ከመንዙማው ሌላ ያለው ግን ቁልቁሉ የጻፈው ባዶ ብቻ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሞከረ። ወደ ወንድዬ ደወለ። ከወዲያ ማዶ ሙዚቃ ይጮሃል። «አዲሱ ግሩም ነው!» አለ ወንድዬ ገና ሰላም ሳይለው። «እንደ ድሮው ልቀጥል አልቀጥል ብሎ አይጨቀጭቅም። የእህትህን አንድ ጊዜ ብጫነው ሳይጠይቀኝ ጨረሰ! እጅህ ይባረክ!» ዘይነዲን «አሜን» ብሎ ዘጋው። ምን ሊለው ይችላል? የሰውዬው ጥፋት ምኑ ላይ ነው?

ለጁሀራ ሲነግራት አልጮኸችም። መጀመሪያ ያልገባት መሰለ፤ ስክሪኑን በጣቷ እያሳየች «ስሙ እኮ አለ» አለች። ስሙን እሱ እንደጻፈው አስረዳት። ቃሉ ለራሱም አስጠላው። ጁሀራ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ከፌስታሉ የወጣች አንዲት ሽንኩርት ወለሉ ላይ ተንከባላ ጠረጴዛው ስር ስትገባ ሁለቱም አዩዋት፤ ማንም አላነሳትም። የሰው አገር ወለል ላይ የተፈገፈገው እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፤ በረኪና የበላው ጥፍሯ እስካሁን አላደገም። ቀና አለች።

«ካርዱ ባይኖርም አንተ አለህ» አለችው። «ስልኩን የያዝከው አንተ ነህ። ሰምተሃል። ሰምተህ የለ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሽማግሌው ኦቦ ጃርሶ ፍትሐዊ ሰው ናቸው። አንተ ከተናገርክ ይበቃል። እኔ የራሴ ጉዳይ ስለሆነ ቃሌ አይቆጠርም፤ ያንተ ግን ይቆጠራል። ትናገራለህ አይደል?»

«ኢንሻአላህ» አለ ዘይነዲን።

ትልቅ ቃል ነው። የሐጂ ቱፋ ቤት ሰው ኢንሻአላህ ካለ ያደርገዋል። ጁሀራም ያን ይዛ፣ ተጽናንታ፣ ጎመኗን አንስታ ወደ ኋላ ሄደች። ዘይነዲን ግን ቃሉ ካፉ ከወጣ ጀምሮ ከኋላው ሲደበቅ ራሱን አየው፤ ራሱንም ጠላው።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ውስጥ አረቢያን መጅሊሱ ላይ ተቀመጡ። ያ መጅሊስ ቀዩ ከወርቃማ ፈትሉ ጋር፣ ጁሀራ ከጅዳ በካርጎ የላከችው ነው። ሻፊም እዚያው ላይ፣ ትራሱን ተደግፎ ነው የተቀመጠው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ጃርሶ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው በፋቲሃ ከፈቱ፤ የሟቹን ደግነት አነሱ፣ የዘንድሮ ዝናብ ለገብሱ እንደዘገየ አነሱ፣ ሻይ ተጠጣ። ጁሀራ ሚሪንዳ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች በሩ ሥር ቆማለች። ከዚያ ኦቦ ጃርሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገሩ አንድ ነው» አሉ። «ቤቱ የሟች ከሆነ በሸሪዓው ይካፈላል። የጁሀራ ከሆነ ደግሞ ከሟች ንብረት ውስጥ አይገባም፤ ማናችንም አንነካውም። ወረቀቱ የሟች ነው ይላል። ጁሀራ ደግሞ አባቴ በአንደበቱ ተናግሯል፣ ድምፁም ተቀድቷል ብላለች። ድምፁ የት አለ?»

ዘይነዲን ካርዷን ከኪሱ አወጣ። መዳፉ ላይ የስንዴ ፍሬ ታህላለች። ካርዷ ተበላሽታ እንደነበር፣ ስትጠራ ድምፁ እንደጠፋ ተናገረ። ማን እንዳጠራት፣ በምን እንደጠራች አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። ሻፊ ጉልበቱን እያየ ነው። ካርዷ ባዶ መሆኗን ሲሰማ ደስ ያለው አይመስልም፤ እንዲያውም ትከሻው ወረደ። ምናልባት እሱም በልቡ አንድ ነገር አስገድዶ እውነቱን እንዲያናግረው ሲመኝ ኖሮ ይሆናል። ማን ያውቃል።

«እንግዲህ ካርዱን ተዉት» አሉ ኦቦ ጃርሶ። «ሰው ከካርድ በፊት ነበር። ልጆቹ በቦታው ነበራችሁ። እንደ ሥርዓታችን ከታላቁ እንጀምራለን። ሻፊ፣ ምን ሰማህ?»

ሥርዓቱ ጥሩ ነው፤ አባቶች ያወጡት ለመከባበር ነው። ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ሌላ ቃል ቢናገር ግን፣ ምስክርነት መሆኑ ቀርቶ ታላቅን በሰው ፊት ውሸታም ማለት ይሆናል። በዚህ በኩል ስንት እውነት እንደፈሰሰ የቆጠረ የለም።

ሻፊ ቀስ ብሎ ተናገረ። «አባታችን በመጨረሻው ሰሞን ብዙ ነገር ተናግሯል። በሕመም ላይ ነበር። ሳሉ ቃሉን ይቆርጠዋል። ይህን በርግጥ ሰምቻለሁ ብዬ በአላህ ፊት መመስከር ይከብደኛል።»

ዘይነዲን ጆሮውን አላመነም። ወንድሙ አልሰማሁም አላለም። ይከብደኛል ነው ያለው። እንዴት ያለች ቃል ናት! ቢይዟት አትያዝም። «ዘይነዲን» አሉ ኦቦ ጃርሶ፤ ሁሉም ዞረው አዩት። የአባቱ ድምፅ ያኔ እንደተናገረው ጆሮው ውስጥ አለ፤ ሳሉ፣ ትንፋሹ፣ «ስሜን አዋስኳት» የምትለው ቃል፣ የሻፊ «እሺ አባ»። አንድም ፊደል አልጠፋም። መናገር ብቻ ነው የሚቀረው። ግን ደግሞ ሻፊ ጎባ ድረስ ስንቅ ተሸክሞ ይመጣለት የነበረው ታየው፤ ነገ ጠዋት በዚያው ችፑድ ማዶና ማዶ ሲነሱ ታየው፤ የፊት ለፊቷ ክፍልም ታየችው። አዎ፣ እሷም ታየችው፤ በሯ ላይ የራሱ ታፔላ ተሰቅሎ። አፉን ከፈተ። ጁሀራ ትሪውን እንደያዘች አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች።

«እኔም…» አለ። «እኔም እንደ ወንድሜ ነኝ።»

ኦቦ ጃርሶ ትንሽ ጠበቁት። ከእሱ ሌላ ቃል ሲያጡ ጁሀራን አዩ፣ ከዚያ መሬት አዩ። «እንግዲያው ወረቀቱ ባለው ይሁን» አሉ። ዱዓ ተደረገ። እጆች ተነሱ፣ ፊት ላይ ታበሱ። ጁሀራ ትሪውን ሳታንኳኳ መሐል አስቀመጠች፤ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ጠርሙስ ከፍታ በሁለት እጇ ሰጠች፤ ለሻፊ ሰጠች፤ ለዘይነዲንም ሰጠችው። ተቀበለ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ሮቤ ላይ እህል አከማችቶ አያውቅም፤ የሚነቅዘውስ ዝም ተብሎ የተቀመጠው ነው።

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ዘይነዲን መሥሪያው ገብቶ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ወደ ዲንሾ ተራሮች ዘንበል ብላለች፤ ብርዱ በበሩ ስር መግባት ጀምሯል። ጁሀራ መጣች። ሊነሳ ሲል በእጇ ተቀመጥ አለችው። ታለቅሳለች፣ ትረግመኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቢሆንለት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ዓይኗን በመሥሪያው ግድግዳ ላይ ቀስ ብላ አዞረች። ሎሚ አረንጓዴውን ቀለም በስልክ የመረጠችው ራሷ ናት።

«የፊት ለፊቷ ላንተ ሆነች አሉ» አለች። «መብሩክ።»

«ጁሀራ፣ እኔ…»

«ሻፊ ገንዘቡን ስንዴው ሲሸጥ እሰጥሻለሁ ብሏል። ስቀበል እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ወደነበርኩበት ነዋ።»

«አሁን እኮ ተከልክሏል። በአውሮፕላን ማንም አይወስድሽም።»

«በባሕር ይወስዳሉ» አለች።

ዘይነዲን ባሕሩን በቴሌቪዥን አይቶታል፤ ከዚያ ባሕር ማዶ ሳይደርሱ የቀሩትን የሰፈር ልጆችም ስማቸውን ያውቃል። አትሂጂ ሊላት ፈለገ። የት ኑሪ ሊላት ነው? ጁሀራ እጇን ዘረጋች። «ካርዴን ስጠኝ። መንዙማው ጥሩ ነው፤ ለመንገድ ይሆነኛል።» አነሳና ሲሰጣት ደግሞ እጇ ላይ አልተቀበለችም፤ አንድ ነገር አስታወሰች። «ቆይ። መጀመሪያ ስሙን አጥፋልኝ። የአባዬ ስም በየሰዉ ኪስ ገብቶ አይዙር። ከሌላውም ሰው ካርድ ላይ አትጻፈው።»

ካርዷን ሰካት። «ቱፋ» የሚለው ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ዘይነዲን አንዲት መስመር ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። ስሙ ጠፋ። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም፤ እንዳይጠይቅ ያደረገው እሱ ነው። ጁሀራ ካርዷን ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ቋጠረቻትና ወጣች። በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ፣ እንደ ሰው ቤት በር፣ ገፋ አደረገችው።

በዚያ ምሽት መሥራት ስላልቻለ ወደ መኝታው ሄዶ ልብሱን ሳያወልቅ ጋደም አለ። ከችፑዱ ማዶ ሻፊ ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማል፤ አንዱን ጣለ፣ ቆየና ሌላውን ጣለ። ዙሀይራ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ አልተሰማም። የሻፊ ግን ተሰማ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የደከመው፣ ወንድሙን የሚወድ ሰው ድምፅ ነበር።

«አላልኩሽም?» አለ። «ልጁ ጨዋ ነው።»